ቁልፍ የተባለችው ሰልጣኝ

ለማስተማር ልምምድ ወደ ክፍሌ የተላከችው ሰልጣኝ ገና በመጀመሪያው ጠዋት ግድግዳዬን ነካችብኝ። ለፕሮጀክተሩ ባዶ ቦታ ስትፈልግ፣ በገዛ እጄ በቀይ ቀለም ጽፌ የሰቀልኩትን “በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም” የሚል ካርቶን ከሚስማሩ አውርዳ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። የእኔ አራተኛ ክፍል ስንት ዓመት ጸጥ ብሎ የተማረው በዚያ ጥቅስ ሥር ነው። ደሜ ፈላ።

“ማንን ጠይቀሽ ነው ያወረድሽው?” አልኳት።

“ይቅርታ እትዬ፣ ምስሉ የሚያርፍበት ቦታ አጣሁ። ትምህርቱ ሲያልቅ መልሼ እሰቅለዋለሁ።”

ቃሏን ጠበቀች። ያውም እኔ ከሰቀልኩት ይልቅ አስተካክላ ሰቀለችው፤ እሱም አናደደኝ።

መምህርነት ከመጀመሯ በፊት በታላቅ ወንድሟ ስልክ ጥገና ቤት ትሠራ ነበር። ቦርሳዋ ውስጥ እስክሪብቶና ካቻቪቴ አብረው ያድራሉ። ወንድሟ ሥራውን ትታ ኮሌጅ ስትገባ፣ “ስልክ ቢበላሽ ይፈታል፤ ልጅ ቢበላሽ በምን ልትፈቺው ነው?” እያለ ይስቅባት እንደነበር ነግራናለች። “ተምሬ እነግርሃለሁ” ብላው ወጣች። ልጅቱ እንዲህ ናት፤ አንዴ ከያዘች አትለቅም።

በመጣች በሳምንቱ የክፍሉን ታብሌቶች በሙሉ ቆልፋ ጨረሰች። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን የይለፍ ቃል ሰጠች፣ ለልጅ የማይሆኑ ገጾችን ዘጋች። በትምህርት ቤታችን ደንብ፣ ክፍል ውስጥ ስልክ ሲነካ የተገኘ ልጅ ስልኩ ይወሰድበትና ወሰነ ትምህርቱ እስኪያልቅ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆያል። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ተሰብሮ ስለነበር እሱንም በካቻቪቴዋ ቀየረችው። መምህራኑ “ቁልፍ” የሚል ስም አወጡላት፤ እሷም ወደደችው።

የኮሌጁ ገምጋሚ ሊያያት የሚመጣው ልጆችን ከኢንተርኔት አደጋ ስለመጠበቅ በምታስተምርበት ቀን ነበር። አልፋ መመረቋ የተንጠለጠለው በዚያ ነው። ስለዚህ ቀደም ብላ አንድ ልምምድ አደረገች። መስኮቶቹን በካርቶን ሸፈንን፣ ፕሮጀክተሩ በራ፣ ግድግዳዬ ላይ የበር ቁልፍ የሚያህል ሳይሆን በሩን የሚያህል ቁልፍ ተዘረጋ።

“የይለፍ ቃላችንን ለማን እንሰጣለን?”

“ለማንም!” ክፍሉ ተናጋ።

ያኔ መስኮቱ ጥግ የምትቀመጠው ልጅ እጇን አወጣች። ጭምት ስለሆነች “ጭምቷ” ነው የምንላት፤ ስሟን ስትጠራ እንኳ የሌላ ሰው ስም የምትጠራ ነው የሚመስለው።

“ቲቸር፣ ከመቆለፋችን በፊት የገባ ሰው ካለስ?”

“የት የገባ?” አለቻት ሰልጣኟ።

“ምንም” አለችና ተቀመጠች።

ሰልጣኟ ፕሮጀክተሩን አጠፋችው። የመስኮቶቹን ካርቶን አነሳችና፣ “የማታውቁት ሰው የሚያስጨንቅ ነገር ቢጽፍላችሁ ለማን ትናገራላችሁ?” ብላ ጠየቀች። አንድም እጅ አልወጣም። በመጨረሻ የክፍላችን ለፍላፊ ልጅ፣ “ቤት ከተናገርንማ ስልኩን ይወስዱብናል!” አለ። ክፍሉ ሳቀ። ጓደኛው ደግሞ፣ “እናንተም ትወስዳላችሁ” ብሎ በጣቱ ወደ ቁም ሳጥኑ አመለከተ።

አዲሱ ቁልፍ እዚያ ያብለጨልጫል። ሰልጣኟ ያንን ቁልፍ ስታይ ፊቷ ላይ ያነበብኩትን ሐዘን አልረሳውም።

በእረፍት ሰዓት ጭምቷን ለብቻዋ ጠየቅናት። “ምንም የለም” ከማለት በቀር ወይ ፍንክች። ልጅቷ ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ ማንም ያውቃል፤ ግን ሆድ ይፍጀው ብላለች።

“እናቷን ጠርተን ስልኩን እናስወስድ” አልኩ እኔ።

“እትዬ፣ ያን ካደረግን እኮ የፈራችው ልክ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛ አትናገርም።”

“ታዲያ እስክትናገር ቁጭ ብለን እናያለን?”

“ቁጭ አንልም።”

እውነትም አልተቀመጠችም፤ ቁጭ ካለችም ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ነው። የወላጆች ስብሰባ በአስቸኳይ እንዲጠራላት፣ ቁም ሳጥኑም እንዲከፈት ጠየቀች። “ከግምገማሽ በኋላ ይደርሳል” አላት። እሷ ግን በሩ ላይ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ በገባና በወጣ ቁጥር ብድግ እያለች ሰላም አለችው። በማግስቱም እዚያው። ሰውየው ሰላምታው መረረውና፣ “እሺ፣ በአንቺ ኃላፊነት!” አለ።

ስብሰባው ላይ የጭምቷ እናት ከዳቦ ቤት ሥራዋ በቀጥታ መጣች፤ እጅጌዋ ዱቄት ነበር። ልጇ ምን እንዳለች ሰልጣኟ አስቀድማ ለብቻዋ ነግራት ነበርና ሴትዮዋ እንደ አራስ ነብር ሆናለች።

“እንዲህ ያለ ነገር ካገኘሁ ስልኩን እዚያው ነው የምከሰክሰው!” አለች።

“እህቴ፣ ስልኩን ቢከሰክሱት መልእክቱን የጻፈው ሰው ምንም አይሆንም። የሚዘጋው የልጅዎ አፍ ነው።”

“ታዲያ ላጨብጭብለት?”

“አይ፣ መጀመሪያ ይስሟት። ስልኩን አይንጠቋት፣ መልእክቱንም አያጥፉት፤ ሰውየው የሚያዘው በሱ ነው። ተናግራ ከተቀጣች ግን እርስዎም እኔም አበቃልን።”

እናትየው የእጅጌዋን ዱቄት አራገፈች። ስትወጣ ግን፣ “እሞክራለሁ” አለች።

የግምገማው ቀን ገምጋሚው ማህደሩን ይዞ ኋላ ወንበር ላይ ተሰየመ። ሰልጣኟ ፕሮጀክተሩን አላበራችም። ካርቶኔን ከግድግዳው አወረደች፣ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና ስልኮቹን ለየባለቤቱ መለሰች። 

“ክፍል ውስጥ ስልክ መንካት አሁንም ክልክል ነው፤ የነካ ስልኩን አስረክቦ ወደ ቤት ሲወጣ ይቀበላል” አለች። “ግን አንድ ነገር ቃል እገባላችኋለሁ። ያስፈራውን ነገር ሊያሳየኝ የመጣ ልጅ ስልኩን አልወስድበትም። ራሱ ስህተት ሠርቶ ቢሆንም አልወስድበትም። ቤት መናገር ከፈራችሁ አብሬያችሁ ሄጄ አጠገባችሁ እቆማለሁ።” ከዚያ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጋ፣ የሚያስጨንቅ ነገር ለትልቅ ሰው እንዴት እንደሚነገር አለማመደቻቸው። ጭምቷ ጥግ ላይ ሆና ቁም ሳጥኑን ብቻ ታይ ነበር።

ገምጋሚው ማህደሩን ዘጋ። “በፕሮጀክተር ልታስተምሪ ያቀድሽው ትምህርት አልቀረበም። እንደገና መገምገም አለብሽ።”

“እደግማለሁ” አለችው።  እኔ ነኝ ለእሷ ያለቀስኩት።

በማግስቱ ጠዋት ደወል ሳይደወል ጭምቷ መጣች። ስልኩን ከምሳ ዕቃዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጌም ላይ የተዋወቀቻት “የአሥር ዓመት ልጅ” ፎቶ ላኪልኝ ብላት፣ ጭምቷ በትምህርት ቤት የደንብ ልብሷ የተነሳችውን ልካለች። ከዚያ ወዲያ “የአሥር ዓመት ልጅ” የተባለችው ትልቅ ወንድ ሆና ተገኘች። “ሌላ ካልላክሽ ለእናትሽ እናገርብሻለሁ” የሚል መልእክት በላይ በላዩ ተደርድሯል።

 እጄ ሳላስበው ስልኩን ለመንጠቅ ተወረወረ። ሰልጣኟ እጄን አየር ላይ ያዘችው።

“እትዬ፣ ቃል ገብተናል።”

ልጅቷ የሁለታችንን እጅ ታያለች። ከዚያች ደቂቃ ሌላ ፈተና አልነበረም፤ የሰልጣኟም፣ የእኔም። እጄን ሰበሰብኩ።

“አንቺው ያዢው፣ አንቺው አሳዪኝ” አለቻት ሰልጣኟ። ልጅቷ በትንሽ ጣቷ ከታች ጀምራ እስከ ላይ አሳየቻት። ሰልጣኟ ሳትቆጣ አንብባ ስትጨርስ፣ “ጥፋተኛው እሱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ስለነገርሽን ጎበዝ” አለቻት።

እናትየው ስትጠራ ሽርጧን ሳትፈታ ሮጣ መጣች። መልእክቱን ከልጇ እጅ ላይ አነበበች። እኔ ትከሰክሰዋለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ሁለቱንም እጆቿን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከታ፣ ልጇ አጠገብ ትንሿ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። “ሁሉንም ንገሪኝ፣ የኔ እናት” አለቻት። ጭምቷም ነገረቻት፤ ደወሉ ተደውሎም አላበቃች። ከዚያ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲሄዱ ስልኩን የያዘችው ራሷ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ሰልጣኟ ካርቶኑን አንስታ ሚስማሩን መፈለግ ጀመረች።

“ምን ልታደርጊ ነው?”

“ትምህርቱ ሲያልቅ እሰቅለዋለሁ ብዬዎት አልነበር፣ እትዬ?”

“አስቀምጪው” አልኳት። “ማን አለቀ አለሽ?”