ሰባት ዓመት የሚለው መስመር

ሰውዬው ማክሰኞ ማክሰኞ አውስትራሊያ ውስጥ ወዳለው የቱዉምባ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ይመጣል። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና በሁለት ጣቱ የኮምፒውተሩን ፊደል እየለቀመ ሁልጊዜ አንድ ገጽ ብቻ ይከፍታል፤ ተመራማሪዎች በዘር የሚወረሰውን የእያንዳንዱን ጂን ሥራ የሚመዘግቡበትን ድረ ገጽ። ዕድሜውን የበግ ጠጉር ሲሸልት የኖረ መሆኑን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ኖሊን ከጎበጠው ጀርባውና ከሻካራ እጁ ገምታለች። ስሙን ግን ጠይቃው አታውቅም።

አንድ ቀን ጠራት። "ነይ እስቲ፣ እዚህ ጋ ስህተት አለ።"

ኖሊን ጎንበስ ብላ አነበበች። ይህ ጂን የጎደላቸው ልጆች ከሰባት ዓመት በላይ አይኖሩም ይላል።

"ይሄን የጻፉት እኮ ሊቃውንት ናቸው፣ ጋሼ" አለችው በቀስታ።

"ይሁኑ! የኔ ልጅ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። አሁን መኪና ውስጥ ሬዲዮ እየሰማች ትጠብቀኛለች። ይሄ ጂን እንደሌላት በጂን ቺፕ ምርመራ የታወቀበት ወረቀት ይኸው፤ ጻፊልኝ።"

ኖሊን ለአስተያየት የተተወውን ቦታ ከፍታ እንደነገራት ጻፈች። አምስት ሳምንት ሙሉ መልስ አልመጣም። በስድስተኛው ማክሰኞ መስመሩ ተለውጦ አገኙት፤ "እስከ ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረች አንዲት ታካሚ ተመዝግባለች" ይላል።

ሰውዬው ሁለት ጊዜ አነበበው። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

"አሁንስ ደስ አለዎት?"

"'የኖረች' ብሎ ነገር ምንድን ነው?" አለ ወንበር እየሳበላት። "ባለፈው ዓርብ ሠላሳ ሁለት ሞላት። ተቀመጪ፣ እንደገና እንጻፍላቸው።"