የእናቴ ድኝ

ሲወስዱኝ እናቴ ገበያ ነበረች። አብዮት ጠባቂዎቹ የተከለከለ ወረቀት ፍለጋ ቤቱን በረበሩት፤ አላገኙም። አልጋ ሥር ግን ቢጫ ዱቄት የያዘ ጆንያ አገኙ። እናቴ ቀፊራ ገበያ የምትሸጠው ድኝ ነው። ግመላቸውን እከክ የያዘባቸው ሰዎች ከዘይት ጋር ለውሰው ይቀቡለታል።

"ምንድን ነው?"

"ድኝ።"

"ምን ያደርግልሻል?"

"ለግመል ነው።"

"ግመል አለሽ?"

የለኝም። ሄድን። የሚፈልጉት የተማረ ወጣት ነበር፤ እኔ ደግሞ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ።

የቀበሌው እስር ቤት ድሮ የነጋዴ መጋዘን ነበር። የበሰበሰ ሽንኩርትና ሽንት ይሸታል። ፀሐይ ከፍ ስትል ቆርቆሮው ቋ ቋ ማለት ይጀምራል፤ ያኔ የቻለ ይተኛል፣ ያልቻለ ይሳደባል። እኔ ተሳዳቢ ነበርኩ። መጋዘኑን ለሁለት የከፈለው የጣውላ ግድግዳ ነው፤ ወዲህ ሴቶች፣ ወዲያ ወንዶች። የተነፈሱት ሁሉ ይሰማል።

"ከማዶ ያለው ሽማግሌ ፕሮፌሰር ነው" አለችኝ በኮንትሮባንድ ጨርቅ የተያዘች የመጋላ ሰፈር ሴትዮ። "ቦምብ ይሠራል ብለውት ነው። ወላሂ፣ ሻይ ማፍላት የሚችል አይመስለኝም።"

ፕሮፌሰሩ ዕድሜውን ሙሉ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬሚስትሪ ሲያስተምር ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ከዚራ ሰፈር ወዳለው የአባቱ ቤት ተመለሰ። በረንዳው ላይ የሰፈር ተማሪዎችን በነፃ ያስጠና ነበር። ለዚያ ያስቀመጣቸው ብልቃጦች ናቸው ያሳሰሩት። ሁላችንም አንተ ነበር የምንለው። ድሬ ነው፤ አንቱታ በሙቀቱ ይቀልጣል።

አንድ ቀን ጠዋት ጠባቂው ከማዶ "ፕሮፌሰር፣ ዛሬ የልጅቷን ዱቄት ትመረምራለህ። የፈንጂ ቅመም ነው ብለህ ፈርም፣ ምሳህን ቤትህ ትበላለህ" ሲለው ሰማን።

ጠባቂው እንደሄደ የመጋላዋ ሴትዮ ግድግዳውን ደበደበችው። "አቦ ፕሮፌሰር! መድኃኒት ነው በል፣ ጨርስ!"

"መድኃኒት ነው።"

"አዎ፣ እሱን!"

"ባሩድ ይሆናል ወይ ካሉኝስ?"

"አይሆንም በላ!"

"ይሆናል እኮ።"

ብድግ አልኩ። "አንተ ሰውዬ፣ ልታስገድለኝ ነው?"

ድምፁ ወደ ግድግዳው ቀረበ። ከዚያ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚናገር ሰው፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። "ላቦራቶሪ ውስጥ ተማሪዎቼ ብልቃጡ ውስጥ አረንጓዴ እያዩ ሰማያዊ ብለው ይጽፉ ነበር። መጽሐፉ ሰማያዊ ስለሚል። ሁሉንም አስደግሜያቸዋለሁ። የሚኒስትር ልጅም ነበረበት።"

"እኔ ተማሪህ አይደለሁም።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ።"

ሰደብኩት። ምን ብዬ እንደሰደብኩት አልጽፍም።

ሁለታችንንም ወደ ቢሮ ወሰዱን። የቀበሌው ካድሬ በዕድሜ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። ሲጋራውን ለኩሶ ክብሪቱን ኪሱ ከተተ። ጠረጴዛው ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ድኝ ነበር። ፕሮፌሰሩ ቆንጠር አድርጎ በጣቶቹ አሸው፣ አሸተተው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበው። የሚያውቀውን ነገር ለምን እንዲህ እንደሚመረምር አልገባኝም።

"ድኝ ነው" አለ።

"ባሩድ ይሆናል?"

"ብቻውን አይሆንም። ከሌሎች ነገሮች ጋር ከተደባለቀ ይሆናል።"

አለቀልኝ አልኩ። ካድሬው ፈገግ ብሎ አስቀድሞ የተጻፈ ወረቀት ገፋለት። ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አስተካክሎ አነበበ።

"ግማሹ ቀርቷል። ብቻውን አይሆንም ያልኩት የለም። የእከክ መድኃኒት መሆኑም የለም።"

"የቀረውን ተወው። ፈርምና ሂድ።"

"ግማሽ ውጤት አልፈርምም። ድኝ ያለው ሁሉ ይታሰር ካልክ ደግሞ፣ ኪስህ ውስጥ ያለው ክብሪትም…"

በጥፊ መታው። መነጽሩ ወደቀ። ሽማግሌው በርከክ ብሎ ወለሉን ዳበሰ፤ ላነሳለት ስል ጠባቂው ክንዴን ያዘኝ። አግኝቶ አንስቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ አጠለቀው፣ ቀና ብሎ ቆመ።

"አልጨረስኩም" አለ። "ክብሪቱም ድኝ አለበት።"

ካድሬው አፈጠጠበት። እጁ ግን፣ አይቻለሁ፣ ወደ ኪሱ ሄደ።

"መውጣትህን እርሳው፣ ሽማግሌ።"

"እሺ" አለ። ጠባቂው ሳይገፋው ቀድሞ ወደ መጋዘኑ ሄደ።

ወረቀቱ ሳይፈረም ቀረ። ፊርማ ስለሌለው ጉዳዬ ወደ በላይ አልተላከም። ዝናቡ መጥቶ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከጎደለ በኋላ "ንቃትሽን አሻሽዪ" ብለው ለቀቁኝ። እሱ ከእኔ በኋላ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ጥርሶቹ አልነበሩም።

አሁን በረንዳው ላይ ብልቃጥ የለም። እሁድ እሁድ ስሄድ ብቻውን ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ቢዋሽልኝ ኖሮ ያን ቀን እግሩን እስመው ነበር። ካድሬው ያምነው ነበር ወይ የሚለውን ብዙ አስቤበታለሁ፤ አላውቅም። የማውቀው፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ስለዚያ ዘመን የመሰለውን ሲያወራ፣ የእሱን ብቻ ሳልጠራጠር እንደምሰማ ነው።

ባለፈው እሁድ በሆዴ የያዝኩትን አፈረጥኩት። "ልታስገድለኝ ነበር እኮ" አልኩት።

ትንሽ አሰበ። "ሊሆን ይችል ነበር" አለ።

ይቅርታ አልጠየቀኝም። ፀሐይዋ እግሩ ላይ ደርሳ ነበር፤ ወንበሩን ወደ ጥላው ሳብኩለት።