ምራቂ የማያውቅ ማሽን

እናቴ ቶሮንቶ ከመጣች በኋላ ብቻዋን የምትሄድበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። እሱም ከቤታችን ጥግ ዞር ሲሉ ኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ላይ ያለው ግሮሰሪ ነው። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ በስልክ እናትሽ እንዴት ሰነበተች ስትለኝ፣ ደህና ናት፣ በየቀኑ ግሮሰሪ ትሄዳለች ስላት ደነገጠች። እህቷ በስተርጅና መጠጥ ቤት መዋል የጀመረች መስሏት ነበር። ሽንኩርትና ዘይት የሚሸጥበት ግሮሰሪ መሆኑን አስረድቼ ሳልጨርስ የስልክ ካርዴ አለቀ።

ቤተክርስቲያን በመኪና የማደርሳት እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ባንክም ሆነ ፖስታ ቤት፣ የትም ብትሄድ ከጎኗ ቆሜ በእሷ ፈንታ የማወራው እኔው ነኝ። አገሯ እያለች ግን የቀበሌ ሊቀመንበር ፊት እንኳ ማንም እንዲናገርላት የማትፈልግ ሴት ነበረች። ግሮሰሪው የራሷ ነው። ጠዋት እኔ ሥራ ስወጣ ነጠላዋን ከካፖርቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ባለጎማ ጋሪዋን እየጎተተች ትወጣለች። አንዲት እፍኝ ቃሪያ ለመግዛት ግማሽ ቀን ይፈጅባታል፤ እያንዳንዷን አገላብጣ ካላየች አታነሳትም። ማታ ስመለስ ከራት በፊት የግሮሰሪውን ወሬ እሰማለሁ። በዚያች ከተማ ያለ እኔ የምትኖረው ኑሮ ያ ብቻ ስለነበር፣ ደክሞኝም ቢሆን እሰማት ነበር።

ወሬው ሁሉ ስለ አንዲት ካሸር ነው። ጃማይካዊት ናት፣ ወደ ስድሳው የተጠጋች፣ ደልደል ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፤ ያቺም አማርኛ ሰምታ አታውቅም። ይህ አንዳቸውንም አላገዳቸውም። እናቴ እንደ ወጉ ከጤና ጀምራ፣ በልጆችና በልጅ ልጆች በኩል ዞራ ሰላምታዋን ስትጨርስ፣ ካሸሯ ደግሞ በራሷ አነጋገር የራሷን ታወርዳለች። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ይቁነጠነጣል። እናቴ ማታ «ልጇ ሥራ ቀየረ» ትለኛለች። እንዴት አወቅሽ ስላት ነገረችኝ ትላለች። አንድ ቅዳሜ ራሴ ካሸሯን ጠየቅኋት፤ እውነትም ልጇ ሥራ ቀይሯል።

የግብይታቸው መዝጊያ ምራቂ ነበር። እናቴ ዕድሜ ልኳን ገበያ ወጥታ ያለ ምራቂ ተመልሳ አታውቅም። ሻጭ መዝኖ ሲያበቃ ከላይ አንዲት ነገር ጣል ካላደረገላት ገዛሁ አትልም። እዚህም ቃሪያው ተመዝኖ ዋጋው ከተነገረ በኋላ፣ በእጇ ለብቻ ይዛት የቆየችውን አንዲት ቃሪያ ከፍ አድርጋ ታሳይና ከረጢቱ ውስጥ ትጨምራለች። መጀመሪያ ላይ ካሸሯ ቃሪያዋን አውጥታ መልሳ መዘነቻት። በሌላ ቀን ደግሞ ትክ ብላ አየቻት። ቆይቶ ግን ገባት፤ የእሷም እናት ገበያ ላይ እንዲሁ ታደርግ እንደነበር በእጅም በዓይንም አስረዳቻት። ከዚያ ወዲህ ቃሪያዋን ከእናቴ እጅ ተቀብላ የምትጨምረው ካሸሯ ሆነች፤ እናቴም ጎንበስ ብላ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ትላለች።

ከዚያ መንገዱ ተቆፈረ። ከመሬት በታች ባቡር ይመጣል ተብሎ ኤግሊንተን ከዳር እስከ ዳር በብርቱካንማ በርሜልና በአጥር ተሞላ። አውቶቡሱ መንገድ ቀየረ፤ ፀጉር ቤቶቹና ዶሮ ጠባሾቹ ደንበኛ ናፈቃቸው። ባቡሩ መቼ ይደርሳል ብሎ መጠየቅ የእንግዳ ሰው ምልክት ሆነ። ግሮሰሪውም ገበያው ሲቀዘቅዝበት ካሸሮቹን አሰናበተና፣ ገዢው ራሱ ስካን አድርጎ፣ ራሱ ከረጢት ውስጥ ጨምሮ፣ ራሱ የሚከፍልባቸውን ማሽኖች ደረደረ። አንድ የሰው መስመር ቀርቶ ነበር፤ እሱም ሎተሪና ሲጋራ ለሚገዙ ነው። በሩ ላይ «ለእርስዎ ምቾት» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተለጠፈ። ለእኔ ምቾት ተብሎ የሚደረግ ነገር ሁሉ ሥራውን ወደ እኔ የሚያዞር መሆኑን እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ሳስተውለው ኖሬያለሁ። የእናቴ ካሸር ግን አልተባረረችም። ማሽኖቹ አጠገብ ቆማ፣ ሰው እንዴት ያለ እሷ መገበያየት እንደሚችል እንድታስተምር ተመደበች።

ማሽኖቹ እንደመጡ አስተያየት የሌለው ሰው ጠፋ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ ሌላ ወሬ አልነበረም። ታክሲ የሚነዳ የሰፈራችን ሰው፣ የሠራተኛ እንጀራ የሚዘጋ ማሽን በእጁ እንደማይነካ ምሎ ተገዘተ። አንዲት ነርስ ሳልቀጠር ለምን እሠራላቸዋለሁ ብላ ጠየቀች፤ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። አንድ ኢንጂነር ደግሞ ነገሩ የሥልጣኔ ጉዳይ እንደሆነ፣ ማሽን የሚፈራ ሕዝብ የትም እንደማይደርስ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ አድርጎ አስረዳን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግሮሰሪው ስሄድ ታክሲ ነጂው ማሽኑ ላይ ነው። ሳልጠይቀው ቸኩዬ ነው አለኝ። ነርሷም ከጎኑ ቆማ፣ ያልተቀጠረችበትን ሥራ በሚያስቀና ፍጥነት ትሠራለች። ኢንጂነሩ ብቻ አንዲት ዝንጅብል ይዞ፣ ስሟን ማሽኑ ላይ አጥቶ፣ ስክሪኑን እየነካካ ላብ አጥምቆታል። በመጨረሻ ድንች ብሎ መዝግቧት ወጣ።

እኔ ማሽኑን ወድጄው ነበር። ቀኑን ሙሉ ኮል ሴንተር ተቀምጬ፣ ስልካቸው የተቋረጠባቸውን ሰዎች ብሶት የምሰማ ሰው ነኝ። ሽንኩርት ስገዛ ማንም እንዴት ዋልሽ እንዲለኝ አልፈልግም፤ ማሽኑም አይለኝም። ይህን አዳራሹ ውስጥ ብናገር ጨካኝ ስለምባል ሻዬን መጠጣቴን ቀጠልኩ።

ለእናቴ ግን ነገሩ የአስተያየት ጉዳይ አልነበረም። ማሽኑን ካልቻለች ያቺው አንዲት መውጫዋ ልትዘጋ ነው። ስለዚህ ላስተምራት ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ። ታጋሽ አስተማሪ ነበርኩ ብል ማንም የሚያውቀኝ ሰው አያምነኝም፤ እሷ ግን ጎበዝ ተማሪ ወጣት። የዘይቱን ጠርሙስ ብርሃኑ ላይ አሳለፈች፤ ማሽኑ ጢጥ ሲል ፈገግ አለች። ጎመኑን በሥዕሉ አይታ መረጠች። ቃሪያውን መዝና ከረጢቱ ውስጥ አስገባች። ከዚያ በግራ እጇ የያዘቻትን አንዲት ቃሪያ ከፍ አድርጋ፣ በአክብሮት፣ ለማሽኑ አሳየችውና ጣል አደረገች።

«በከረጢቱ በኩል ያልተጠበቀ ዕቃ አለ» አለ ማሽኑ፣ ግሮሰሪው በሙሉ በሚሰማው ድምፅ። ከላይ ቀይ መብራት በራ። በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ መጥቶ ዕቃውን እያወጣ ደረደረና፣ ቃሪያዋን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ይቺ ተከፍሎባታል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ ከቤተክርስቲያን የምናውቃቸውም ነበሩበት። እናቴ ምን ይላል ብላ ጠየቀችኝ። ሁልጊዜ የምተረጉመው እኔ፣ ያን አልተረጎምኩላትም። ሳልነግራት ገባት፤ ፊቷ እንደዚያ ሲለዋወጥ አይቼ አላውቅም። ካሸሯ ከወዲያኛው ጫፍ እያነከሰች ደረሰች። ጥበቃውን እዚህ ልጽፈው በማይመች ቋንቋ ሸኘችውና፣ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ካርድ ማሽኑ ላይ አሳለፈች። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ቃሪያዋን በራሷ እጅ መልሳ ከረጢቱ ውስጥ ከተተች።

እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ ከቤት መውጣት ተወች። መስኮት ሥር ተቀምጣ ቁፋሮውን ስታይ ትውላለች። ማታ ስገባ የምትነግረኝ ወሬ የላትም፤ እኔ የራሴን ወሬ ላወራላት ብሞክር የስልክ መስመር ብልሽት ምኑ ያስቃል። ፈራሁ። ቤቷን አዘግቼ፣ ስፖንሰር አድርጌ፣ ሶፋ ላይ አምጥቼ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝና እንዲህ እንደተቀመጠች የምትሞትብኝ መሰለኝ። በንዴት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄጄ ጮኽኩበት። እሱም በትሕትና ይቅርታ ጠይቆ የግሮሰሪው ምልክት ያለበት የጨርቅ ከረጢት ሰጠኝ።

ከዚያ አንድ ማታ ከሥራ ስገባ የጋሪው ጎማ በረዶ ይዞ ኮሪደሩን አርጥቦታል። እናቴ ምድጃው ጋ ቆማ ሽንኩርት ታቁላላለች። ሄጄ መጣሁ አለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ማሽኑስ አልኳት። ነገሩን በዝርዝር አጫወተችኝ። ሁሉን እንዳስተማርኳት አድርጋ፣ ምራቂዋን ጣል አድርጋ፣ ማሽኑ ሲጮህ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ካሸሯ ከጥበቃው ቀድማ ደርሳ ካርዷን አሳለፈች፤ ከዚያ ቆመው የተጠራቀመውን ሁሉ ተጨዋወቱ።

«ይሄ ማሽን ሰው የሚጠራልኝ ስሳሳት ነው» አለችኝ። «እንግዲህ እሳሳታለኋ።»

ዘዴው በአዳራሹ ለመሰራጨት ብዙ አልፈጀበትም። በዕድሜ የእናቴ አቻ የሆኑ፣ ቀን ቀን ብቻቸውን ቤት የሚውሉ እናቶች ብዙ ነበሩ። ቅዳሜ ስሄድ በየማሽኑ ፊት ነጠላ የለበሰች እናት ቆማለች፤ መብራቱ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው፤ ማሽኖቹ ስላልተጠበቀ ዕቃ እየተቀባበሉ ይጮኻሉ። ካሸሯ ጉልበቷን ረስታ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየዞረች ካርዷን ታሳልፋለች፣ ትሳሳማለች። ሦስቴ መሳም እንዳለባትም ለምዳለች። ከሰበካ ጉባኤው አንዱ ነገሩ አሳስቦት እናቴን «እርስዎ፣ ይሄ ስርቆት አይሆንም?» ብሎ ጠየቃት። ሰጥታኝ ነው ብላ መለሰችለት።

ሥራ አስኪያጁ ግን ማሽኖቹ ለምን እንደሚጮኹ አልገባውም። የደንበኞችን አስተያየት የምትሰበስብ አንዲት ወጣት ሴት ታብሌት አስይዞ በር ላይ አቆመ። ታክሲ ነጂው ጩኸቱ ሰው ያዋርዳል አላት። ነርሷ ጊዜዋን እየበላባት እንደሆነ ተናገረች። ኢንጂነሩ ሶፍትዌሩ ኋላ ቀር መሆኑን ረዘም አድርጎ አብራራ፤ ልጅቷ የጻፈችለት ግን አንድ መስመር ብቻ ነው። ባጠቃላይ ሁሉም ይህ ጩኸት ይቁም አሉ። የእናቴ ተራ ሲደርስ ማስተርጎሙ የእኔ ሆነ። ስለ ማሽኑ ምን ይሰማዎታል ተባለች። ጥሩ ነው አለች። የሚሻሻል ነገር ካለ ይንገሩን ተባለች። ምንም የለም፣ ባይነኩት ደስ ይለኛል አለች። ጩኸቱስ አይረብሽዎትም? ኧረ ጩኸቱ ደግ ነው አለች። ልጅቷ በትክክል መተርጎሜን ተጠራጥራ ደግማ ጠየቀችኝ። ከኤግሊንተን ጫፍ እስከ ጫፍ በማሽኑ የረካች ደንበኛ እናቴ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ግሮሰሪው የብዙኃኑን ድምፅ ሰማ። ማሽኖቹ በከረጢቱ በኩል የሚጨመረውን እንዳይመዝኑ ተደረጉ፤ ማንም ምን ቢጨምር ዝም ይላሉ። የሚጮህ ማሽን ከሌለ የሚያረጋጋ ሰው አያስፈልግም። ካሸሯም ሁለት አውቶቡስ ተይዞ የሚደረስበት ሬክስዴል ወዳለው ቅርንጫፍ ተዛወረች። ይህን ሁሉ የሰማነው በኋላ ነው፤ በዚያ ቅዳሜ እናቴ ጋሪዋን እየጎተተች፣ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ፣ ምንም ሳናውቅ ገባን።

አንገቷን ወዲያና ወዲህ አድርጋ ፈለገቻት። ሳታገኛት ስትቀር ጓዳ ገብታ ይሆናል አለችና ሥራዋን ጀመረች። ጎመኑን መዘነች፤ ቃሪያውን መዘነች። አንዲቷን ቃሪያ ከፍ አድርጋ አሳይታ ጣል አደረገችና እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። ማሽኑ ዝም አለ። ቃሪያዋን አውጥታ እንደገና፣ ጠንከር አድርጋ ጣለቻት። ማሽኑ ክፈሉ አለ። ከኋላችን ሰው ተሰልፏል። እኔ ጥበቃውን ሄጄ ጠየቅሁትና የነገረኝን መጥቼ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ቃሪያዋን ከከረጢቱ አወጣቻት።

«እማዬ፣ ውሰጃት፤ ምን ችግር አለው» አልኳት። «ማንም አያይሽም።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አለች።

ወደ መደርደሪያው ተመልሳ ቃሪያዋን ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠቻት። ከሰኞ ጀምሮ ከሥራ ስመለስ እግረ መንገዴን የምገዛው እኔ ሆንኩ። ጠዋት ስወጣ ምን ላምጣልሽ ብዬ እጠይቃታለሁ፤ ያገኘሽውን አምጪ ትለኛለች።