የተሻረችው ንግሥትና የልጄ ሽማግሌዎች

ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። የማውቀውን ያወቅሁት በስደት አገር፣ ግሮቭፖርት በምትባል ከተማ በምሠራበት መጋዘን ውስጥ በእረፍት ሰዓቴ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን እያነበብኩ ነው። ካነበብኩት ሁሉ ያናደደችኝ የጥንቷ የስኮትላንድ ንግሥት ናት።

በጨቅላነቷ ነገሠች፤ በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት በምቾት አደገች። ሁለተኛ ባሏ ተገደለ። አገሩ ሁሉ በግድያው የጠረጠረውን ሰው፣ ያውም ሚስቱን ፈትቶ ብዙም ሳይቆይ የመጣውን፣ አገባችው። መኳንንቱ ተነሡባት፤ አስረው ዘውዷን ለሕፃን ልጇ እንድትለቅ አስፈረሟት። አምልጣ እንግሊዝ ገባች፤ እዚያ የነገሠችው የሥጋ ዘመዷ ነበረችና። ዘመዷ አሰረቻት። ከብዙ ዓመት እስር በኋላ አንገቷን በመጥረቢያ ተቀላች። ምክር ያልሰማን መከራ ይመክረዋል።

ልጄ ይህን ታሪክ እየሰማች ነው ያደገችው። ስለዚህ ዌስተርቪል ባለው ቤታችን እራት ላይ «ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣል» ስትለኝ ሌላ ምሳሌ አልፈለግሁም። ሊያገባት የሚያስጠይቃት ሰው አግብቶ የፈታ ነው።

«ሚስቱን የፈታ ሰው ንግሥቲቱን የት እንዳደረሳት ታውቂያለሽ» አልኳት።

«አባዬ፣ እኔ ነርስ ነኝ። ዘውድ የለኝም።»

«አንገት አለሽ።»

እናቷ አጎንብሳ ሳቀች። ልጄ አልሳቀችም።

«ስቶሪውን ግማሹን ነው የምትነግረኝ። ኮሌጅ እያለሁ ሪሰርች አድርጌዋለሁ። ስትፈርም እስረኛ ነበረች። ልጇን ወስደው በጠላቶቿ እጅ አሳደጉት። ዘመዷስ? እባክሽ እንገናኝ እያለች ስትለምናት፣ አንድ ቀን እንኳ ፊቷን ሳታይ ነው ሞት የፈረመችባት። አንተም እሱን አላየኸውም።»

«ማየት አያስፈልገኝም።»

«እሺ። ሽማግሌዎቹን ከመለስካቸው ኮርት ሄደን እንጋባለን። ከዚያ በኋላ እዚህ ቤት አልመጣም።»

«አታደርጊውም» ብላት ውሸት ይሆንብኝ ነበር። በግትርነት እኔን ነው የወጣችው። ስለ ንግሥቲቱ ያለችውም እውነት ነው።

ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እንደ ወጉ፣ እሺታ ሳይሰሙ ላለመቀመጥ ሳሎኑ መሃል ቆሙ። ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ፤ አንዳቸውም ሃይዌይ ላይ አይነዱም።

«ማን አመጣችሁ?» አልኩ።

ተያዩ። «ልጁ ነው» አሉ ትልቁ። «ማዶ መኪናው ውስጥ አለ።»

«ጥሩት።»

«ኧረ ጋሼ! አግቢው ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ይገባል እንዴ? ነውር ነው!» አለ ከሦስቱ በዕድሜ የሚያንሰው።

«ነውሩ በእኔ ይሁን።»

ገባ። የመኪና ቁልፉን ጨብጦ በሩ ስር ቆመ። ልጄ ከደረጃው ላይ ታየናለች።

«ሚስትህን ለምን ፈታህ?»

ትልቁ ሽማግሌ ሳል ያዛቸው።

«እሷ ናት የፈታችኝ ጋሼ። ቀን መጋዘን፣ ማታ ኡበር ታክሲ ነጂ ነበርኩ። ቤቴን አላውቀውም ነበር።»

«አሁንስ?»

«ኡበሩን ትቻለሁ።»

ሚስቱን ቢያማት ኖሮ በሩን አሳየው ነበር። አላማትም። ሰውየውን አልወደድኩትም፤ ዛሬም አልወደውም፤ ግን አልዋሸኝም። ወደ ደረጃው ቀና ብዬ ልጄን አየኋት። የደረጃውን መደገፊያ በእጇ ይዛለች።

«ተቀመጡ» አልኳቸው ሽማግሌዎቹን። «ሰጥቻለሁ።»

እልል ያለችው እናቷ ናት። ሽማግሌዎቹ እየመረቁ ሶፋው ላይ አረፉ፤ እሱም ወንበር ሳበ።

«አንተ ቁም» አልኩት። «ገና አልጨረስኩም።»