ዙቤዳ እትዬ ሸዋርጋን የኳለችበት ቀን

ባሌ ሮቤ ውስጥ ሙሽራ ያለበት ቤት ሁሉ የዙቤዳን ስልክ ያውቃል። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ወዳለው የሴቶች ፀጉር ቤቷ ከጎባም ከጊኒርም ሙሽሮች ይመጣሉ። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ደልደል ያለች፣ ፊቷ ክብ፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። ሙሽራዋን ወንበሩ ላይ ካስቀመጠች በኋላ ወዲያው ሥራ አትጀምርም። ፀጉሯን ወደ ኋላ ታስይዝና ዝም ብላ ታያታለች። ከፊት ታያታለች፣ በጎን ታያታለች፣ ከዚያ አንድ ነገር ተናግራ ታስቃትና ስትስቅ ታያታለች። አንዳንዷ ሙሽራ ትደነግጣለች።

«ምነው? ብጉር ወጣብኝ እንዴ?»

«አብሽሪ፣ ምንም የለብሽም። ከፊትሽ ጋር እየተዋወቅሁ ነው» ትላታለች ዙቤዳ።

ይህን የተማረችው ጎባ ነው፤ ከእትዬ ሸዋርጋ።

እትዬ ሸዋርጋ የባሌ ሰው አልነበሩም። ባለቤታቸው አቶ መሸሻ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ሲመደቡ፣ ገና አዲስ ሙሽራ ሳሉ ተከትለዋቸው መጡ። ጎባ ያኔ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ነበረች። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እዚያ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አዲስ ዳኛ፣ አዲስ ሐኪም፣ አዲስ መምህር ከነሚስቱ ይመጣል። ለእነዚያ ሴቶች ብለው አንዲት ክፍል ተከራይተው ፀጉር ቤት ከፈቱ። ዙቤዳ የደረሰችው ግን መሥሪያ ቤቶቹ አንድ በአንድ ወደ ሮቤ ሄደው ጎባ ዝም ማለት በጀመረችበት ጊዜ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ውጤት አልመጣላትም፤ አባቷ ጋሽ ሙህዲን ገበያ ውስጥ ቅመምና የሃረና ቡና ይሸጡ ስለነበር ሱቅ እንድትቀመጥላቸው ፈልገው ነበር። እሷ ግን በረባ ባልረባው እየተነሣች እትዬ ሸዋርጋ በር ላይ ትቆማለች። በመጨረሻ እትዬ ሸዋርጋ ራሳቸው አባቷ ሱቅ ድረስ ሄዱ።

«ልጅዎን ይስጡኝ፣ ሙያ ላስተምራት» አሏቸው።

«ምን ዓይነት ሙያ?»

«ፀጉር መሥራት፣ ሙሽራ ማስዋብ። ብላሽ አቀባብ።»

«ምን አሉኝ?»

«ብላሽ። የጉንጭ ቀለም ነው።»

ጋሽ ሙህዲን ሚዛናቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «ስሙ ራሱ ብላሽ የሆነውን ነገር ልጄ ትማረው?»

«ስሙን ያወጣነው እኔና እርስዎ አይደለንም፤ ምን ላድርግ» አሉ እትዬ ሸዋርጋ፣ እሳቸውም እየሳቁ።

ጋሽ ሙህዲን ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ፈልገሽዋል?» አሏት። ራሷን ነቀነቀች። ለመግሪብ ሶላት ቤቷ እንድትገኝ ብቻ አስጠንቅቀው ፈቀዱላት።

ዙቤዳ የመጀመሪያውን ሳምንት ፎጣ ስታጥብና ቀለሟ የምትባለውን ትንሿን የእትዬ ሸዋርጋን ልጅ አዝላ ስታባብል አሳለፈች። በሁለተኛው ሳምንት ብሩሹን አንሥታ የራሷን ጉንጭ ቀባች። ክብ ፊቷ ላይ ሁለት ክብ ቀይ ነገር አስቀምጣ ዞረች። እትዬ ሸዋርጋ ከሚሠሩት ፀጉር ላይ ቀና ብለው አዩዋት።

«ማን በጥፊ መታሽ?» አሏት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አስተማሯት። የታተመ ነገር አልነበራቸውም፤ መስተዋቱ ላይ በደረቅ ሳሙና የፊት ቅርጽ ይሥሉላት ነበር። ክብ ፊት ላይ ቀለሙ ከጉንጭ አጥንቱ ተነሥቶ ወደ ጆሮ ግንድ ሰያፍ ይውጣ፤ ፊቱ ረዘም ይልላታል። ረጅም ፊት ላይ ግን ሽቅብ አይሄድም፤ ጉንጩ መሐል ላይ አግድም ይተኛል። መንጋጋዋ ሰፋ ላለች ሴት ስትስቅ በሚያብጠው ጉንጭ ላይ ለስለስ አድርጎ ማዞር ነው። ግንባሯ ሰፍቶ አገጯ ለሾለ ደግሞ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይጀመራል። መለማመጃ ሲያጡ በመስኮቱ አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። ጠዋት ጠዋት ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጉንጫቸውን ያቀላው ተማሪዎች ያልፋሉ።

«ብርዱ የት እንደቀባቸው አየሽ?» ይሏታል እትዬ ሸዋርጋ። «መነሻው እዚያ ነው። ወዴት እንደሚሄድ ግን ፊቱ ነው የሚነግርሽ።»

ቀለሙ ያኔ እንደ ልብ አይገኝም። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ክብ እቃ ዓመት ታገለግላለች፤ እሷ ስታልቅ የከንፈር ቀለም በጣት ጫፍ ጉንጭ ላይ ይለሰልሳል። ዙቤዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የኳለቻት ሙሽራ ፊቷ ረጅም ነበር። በድንጋጤ ቀለሙን ሽቅብ እስከ ጆሮዋ ወሰደችው። የሙሽራዋ እናት ገብተው ሲያዩዋት «ልጄን አመማት እንዴ?» አሉ። ዙቤዳ እንባዋ መጣ። እትዬ ሸዋርጋ አልተቆጧትም። ጥጥና ቅባት አቀበሏትና «ጥረጊው። ፊት እኮ ሸማ አይደለም፣ ተበላሸ ተብሎ አይጣልም» አሏት።

አምስት ዓመት አብረው ሠሩ። ዙቤዳ እስከ ዛሬ ስለዚያ ዘመን ስታወራ ድምጿ ይለወጣል። የካውያው ሽታ፣ ለገና በሰልፍ የሚጠብቁት መምህራን፣ ለኢድ በአንድ ቀን ሃያ ራስ መሥራት፣ በሁለቱም በዓል ከሁለቱም ወገን የሚመጣላቸው ሳህን፤ ሁሉንም በዝርዝር ታነሣለች።

ከዚያ የትራክተር መካኒክ የሆነውን ሻፊን አግብታ ወደ ሮቤ ሄደች። ጥቂት ቆይታ የራሷን ቤት ከፈተች። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ጎባ እየሄደች እትዬ ሸዋርጋን ትጠይቅ ነበር። ያበላሸችው በአንድ እሑድ ነው። እትዬ ሸዋርጋ ዘንድ ተራ ይዛ የነበረች አንዲት ሙሽራ ሐሳቧን ቀይራ ከነሚዜዎቿ ወደ ዙቤዳ መጣች። ዙቤዳ ታውቃለች፤ ግን አልመለሰቻትም። እትዬ ሸዋርጋ ውሃ አሙቀው እስከ ረፋድ ሲጠብቁ መቆየታቸውን በኋላ ሰማች። በዚያ ሳምንት ለመሄድ አፈረች። በሚቀጥለውም አፈረች። እንዲያ እንዲያ እያለ አሥራ አራት ዓመት አለፈ። የጎባው ፀጉር ቤት መዘጋቱን፣ አቶ መሸሻም ማረፋቸውን የሰማችው ከሰው ነው። ለለቅሶ ሄዳ ከሰው መሐል ተቀምጣ፣ ሳታነጋግራቸው ተመለሰች።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ አንዲት ወጣት ወደ ዙቤዳ ቤት ገባች። የእትዬ ሸዋርጋ ልጅ ቀለሟ ናት።

«በጀርባሽ ያሳደግሽኝን ልጅ ረሳሽኝ?» አለቻት። ተቃቀፉ። ልታገባ ነው። ጎባ እናቷ ቤት መጥታ እንድትኩላት ጠየቀቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እማዬን ስትሮክ መቷታል። አሁን ትራመዳለች፤ ግራ ፊቷ ግን እንደወረደ ቀረ። ፎቶ አልነሣም፣ ጓዳ ነው የምውለው እያለች ነው።»

በሠርጉ ዕለት ዙቤዳ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎባ ደረሰች። እትዬ ሸዋርጋ በነጭ ነጠላ ግራ ፊታቸውን ከልለው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

«አካም ጂርታ፣ ደህና ነሽ ወይ ዙቤዳ» አሏት። ቃላቸው ትንሽ ይጎተታል።

ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ ገብታ ሙሽራዋን መኳል ጀመረች። እትዬ ሸዋርጋ ተከትለው ገብተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። በመሐል ዙቤዳ «ቀኙ አነሰ» የሚል የእትዬን ድምፅ ከጥጉ ሰማች። አየችው፤ እውነትም አንሷል።

ሙሽራዋ አልቃ ልብስ ልትለብስ ስትወጣ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«እትዬ፣ አሁን እርስዎ ይቀመጡ።»

«ተይኝ እባክሽ። ይሄ ፊት ምን ቅርጽ አለው?»

«ልየው።»

እትዬ ሸዋርጋ ከጥጉ ተነሡ። ከዚያ ወንበሩ ላይ መጡና ነጠላውን አወረዱ። ዙቤዳ እንዳስተማሯት ከፊትም ከጎንም አየቻቸው። አንድ ፊት አልነበረም። ቀኙ ከድሮው ክብ ፊታቸው የቀረ ነው፤ ግራው ወርዶ ረጅም ሆኗል። ሁለቱን ጉንጭ አንድ ዓይነት ብትቀባ ልዩነቱ ይጎላል። ስለዚህ የተማረችውን ገልብጣ፣ የወረደው ከፍ እንዲመስል በግራው ቀለሙን ከወረደው ጉንጭ በላይ፣ አጥንቱ ላይ ጀምራ ወደ ጆሮ ግንዳቸው አወጣችው። በቀኙ ዝቅና ስስ አድርጋ፣ አግድም አስተኛችው።

እየቀባች ሳለ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር፣ መናገር ቻለች።

«እትዬ፣ ያቺ በእርስዎ ተይዛ እኔ ዘንድ የመጣችው ሙሽራ…»

«ውሃ አሙቄ ጠበቅኳት» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ተናድጄም ነበር። የተናደድኩት ግን መጥተሽ ባለመንገርሽ ነው። ብትነግሪኝ ሂጂ ኳያት እልሽ ነበር። ሮቤ እኮ ሩቅ አገር አይደለም፣ ዙቤዳ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«አታልቅሺ፤ እጅሽ ይስታል።»

መስተዋቱን ስትሰጣቸው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ፊታቸው አልተቃናም፤ ያንን ቀለም አያደርገውም። ዓይን ግን መጀመሪያ የሚያርፈው መውረዱ ላይ አልነበረም። «ግራውን በሰያፍ፣ ቀኙን በአግድም» አሉ ለራሳቸው። «ይሄን እኔ አላስተማርኩሽም።» ከዚያ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡና ከልጃቸው አጠገብ ቆመው ፎቶ ተነሡ።

ቀለሟ ከባሏ ጋር ወደ ሐዋሳ ሄዳለች። ዙቤዳ አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ቤቷን ዘግታ ጎባ ትውላለች። ፀሐይ ሲወጣ ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ፤ እትዬ ሸዋርጋ በዚያ ዘመን የኳሏቸውን ሙሽሮች ፎቶ ያኖሩበትን አልበም ጭናቸው ላይ ይዘረጋሉ። ይቺ ጊኒር ናት፣ ስምንት ልጅ ወልዳለች ይላሉ። ይቺ የዳኛው ሚስት ናት፣ ወደ ጎጃም ተቀይረው ሄዱ። ይቺን አፈር ይቅለላት። ዙቤዳ አንዳንዷን ፊት ትለያለች፣ ስሟ ግን ይጠፋባታል፤ እሳቸው ስም ያስታውሳሉ፣ ዓመቱን ይስታሉ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ከተራራው እስኪወርድና እስኪበርዳቸው ድረስ እንዲህ እየተራረሙ ገጹን ይገልጣሉ።