ጥለቱ ወደ ላይ

ፈረንጇ አስተማሪ ባጃጅ አትሳፈርም። ከተከራየችው ቤት እስከ ሚስዮኑ ትምህርት ቤት ዳገቱን በእግሯ ትወጣለች። ጠመኔዋን በሳሙና ማስቀመጫ ይዛ፣ ላገኘችው ሁሉ፣ ለገዛ ተማሪዎቿ ሳይቀር፣ ጎንበስ ብላ እጅ ትነሳለች። ከቅዳሜ ገበያ ነጠላ ከገዛች ወዲህ ደግሞ ጥለቱን ወደ ላይ፣ አንገቷ ሥር አድርጋ ትለብሰዋለች። የሚያምረው ጎኑ ለምን መሬት ይጥረግ ብላ ይሆናል።

የላሊበላ መንገደኛ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላታል። እሷ ሰላምታ እየመሰላት ፈገግ ብላ «አሜን፣ እናንተንም ያጽናችሁ» ትላለች። እኛ ባልደረቦቿ ሳቃችንን ውጠን እናልፋለን።

አንድ ቀን አብረን ስንመለስ አከራይዋ እትዬ አመተ ጊዮርጊስ በር ላይ ጠበቋት።

«ልጄ፣ ነጠላ የሚዘቀዘቀው ሰው ሲሞት ነው። ጥለቱን ወደ ታች መልሺው፤ በራስሽ አታሟርቺ።»

ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። ልትገለብጠው ጀመረችና እጇ መሃል ላይ ቀረ።

«እናቴ ሞታለች» አለች መሬት መሬቱን እያየች። «በጥር። ፈተና ነበር፤ ለቀብሯ አልሄድኩም። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። እትዬ አመተ ጊዮርጊስ የራሳቸውን ነጠላ ከትከሻቸው አወረዱ፤ ዘቅዝቀው ለበሱና እጇን ያዙ።

«ነይ ግቢ። መጀመሪያ ግን ስሟን ንገሪኝ፤ ሳንጠራት እንዴት አድርገን እናለቅሳለን?»