ከሰባተኛው መንዙማ በፊት

«የለም» አለኝ ወንድሜ። «እማ እንዲህ ያለ ነገር አልተናገረችም። አልመሽ ነው።»

አለ አልኩ፣ አለ! እናቴ ከሞተች ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው፤ የቀረን ድምፅዋ አንድ የመንዙማ ካሴት ብቻ ነበር። እሷ ታወጣለች፣ ሴቶቹ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። ሰባተኛውን ልትጀምር ስትል፣ ጭኗ ላይ ተቀምጬ ጭብጨባውን ለማበላሸው ለእኔ አንድ ነገር ጣል አድርጋለች። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ወንድሜ ካሴቱን ሱቅ ወስዶ ኮምፒውተር ላይ አስገለበጠው፣ በየመንዙማው አሥር ቦታ አስቆረጠው፣ ከዚያ «ኻላስ፣ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል?» ብሎ ካሴቱን ጣለው። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ኢንማ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ኮምፒውተሩ ከቴሌቪዥኑና ከአምፕሊፋየሩ ጋር ተያይዟል። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሴቶች ይሰበሰባሉ፤ መንዙማውን እከፍትላቸዋለሁ። አንዱ አልቆ ሌላው ሲጀምር ድምፁ ይጠፋል። ሲመለስ እናቴ መጀመሪያውን ብላ ጨርሳለች፣ የሴቶቹ እጅ አየር ላይ ይቀራል። የሰባተኛውም መጀመሪያ እዚያው ይዋጣል።

ኮርማክሳር ከሚባለው ሰፈር ሙሐንዲስ አመጣሁ፤ እዚህ ዐረብ አገር ሬዲዮ የፈታታ ሁሉ ሙሐንዲስ ነው። ሽቦ ቀየረ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ምንም ለውጥ የለም። «ሁለት ሰከንድ ናት፣ ያ ኻላ፣ ማን ይሰማታል?» አለኝ፤ አክስቴ ማለቱ ነው።

«እኔ እሰማታለሁ!» ብዬ ሸኘሁት። ወንድሜ ሳቀ። ይሳቅ!

በማግስቱ መብራት ስላልነበረ ኮምፒውተሩን በሶላሩ ባትሪ አስነስቼ ራሴ ተቀመጥኩበት። የጆሮ ማዳመጫ በቀጥታ ሰካሁና የመጀመሪያው ከሁለተኛው የሚገናኝበትን ሰማሁ። ምንም ሳይቋረጥ አለፈ! ስለዚህ የተቀዳው ጤነኛ ነው። ጥፋቱ ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ አንዱ መንዙማ ባለቀ ቁጥር ወደ አምፕሊፋየሩ የሚልከውን ድምፅ ይዘጋና ለሚቀጥለው እንደገና ይከፍታል። አምፕሊፋየሩ እስኪነቃ ሁለት ሰከንዷ ትበላለች።

ሰባተኛውን ግን በማዳመጫው አልነካሁትም። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቻለሁ። ባይኖርስ? ቢኖርም ብቻዬን ልሰማው አልፈለግሁም። «አልመሽ ነው» ያለኝ ሰው ባለበት ነው የምሰማው።

የማጫወቻውን ማስተካከያ አንድ በአንድ በረበርኩት። የድምፁ መውጫ ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን የሚያደርግ ምርጫ አገኘሁና ቢስሚላህ ብዬ ነካሁት።

ሐሙስ ሴቶቹ ሲመጡ ወንድሜን «ዛሬ ንቅንቅ አትልም!» ብዬ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። አንደኛው ሁለተኛውን ተከትሎት ገባ፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። እጅ አየር ላይ የቀረባት ሴት የለችም። ስድስተኛው ሲያልቅ ወደ ወንድሜ ዞርኩ። ጭብጨባው ቀጠለ፣ እናቴ ትንፋሿን ሳበች።

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ከእኛ ጋር ይሁን!»

ወላሂ፣ እንዲህ ነው ያለችው። ከዚያ ሰባተኛውን አወጣች።

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። የምለው ብዙ ነገር አዘጋጅቼለት ነበር፤ ሁሉንም ተውኩት። ሴቶቹ ያጨበጭባሉ። እኔ፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴትዮ፣ እያለቀስኩ አብሬያቸው አጨበጨብኩ። አሁንም ምቱን አበላሸሁት።